ሳጥኑን አምኜ ሰውየውን የጠረጠርኩ ዕለት

እዚህ አሜሪካ፣ ሶዶ በሚባለው የመጋዘን ሰፈር በሚገኘው የአሮጌ ዕቃ አዳራሽ ውስጥ የነበረችኝን ጥግ ባለፈው ወር አስረከብኩ። ሁለት መደርደሪያና አንድ የመስተዋት ቁምሳጥን ብቻ የምትይዝ ጥግ ናት። የአዳራሹ ኃላፊ ቁልፉን ሲቀበለኝ "ከእንግዲህ ምን ልትሠሪ ነው?" ቢለኝ ጉልበቴን አሳየሁት። እውነቱን ለመናገር ጉልበቴ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ተለውጧል። ዛሬ ሰው ሲሞት ልጆቹ የቤቱን ዕቃ በስልክ ፎቶ እያነሱ ኢንተርኔት ላይ ያጫርቱታል። ገዢውም ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ይገዛል። እኔ ደግሞ ሳልዳስሰው፣ ሳልገለብጠውና ሳላሸተው የሚሸጥልኝን ዕቃ አላምንም። ዳስሼውም ቶሎ አላምንም።

ልጄ ሜሮን "ማሚ፣ አንቺ እኮ ሰላም ያለሽንም ሰው ትጠረጥሪያለሽ" ትለኛለች። ልክ ናት። ሃያ ዓመት ያህል የኖርኩት በመጠርጠር ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በመጥረጊያ ነው። በዲቪ መጥቼ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቢሮ ሳጸዳ ቆየሁ። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የማውቃት ሴት ጠጋ ብላ "አንዲት አሜሪካዊት የሞተ ሰው ቤት የሚያጸዳላት ትፈልጋለች፤ ትፈሪያለሽ?" አለችኝ። የሞተ ሰው ምን ያደርገኛል ብዬ በማግስቱ ደወልኩ።

ሴትየዋ ዶሪስ ትባላለች። ሥራዋ እዚህ ኢስቴት ሴል የሚሉት ነው። ሰው ሲሞት ወይም አርጅቶ ወደ መጦሪያ ሲገባ ቤተሰቡ ዶሪስን ይጠራል። እሷም ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ያለውን ዕቃ ትለያለች፣ ዋጋ ትለጥፍበታለች፣ ከዚያ ከዓርብ እስከ እሑድ በሩን ከፍታ እዚያው ቤት ውስጥ ትሸጣለች። ርካሽ ድስት የሚፈልግ ይመጣል። የመቶ ዓመት ካርታ የሚያድንም ይመጣል። ክፍያዬ በሰዓት ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚወራለት አይደለም።

ያኔ ዶሪስ ወደ ሰባ እየተጠጋች ነበር። ረጅም፣ ፀጉሯን አጭር የምትቆረጥ፣ ቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበረች ሴት ናት። አዲስ ቤት ስንገባ ምንም ሳትነካ ሳሎኑ ውስጥ ሟቹ ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር ፈልጋ ለግማሽ ሰዓት ትቀመጥበታለች። እኔ ባልዲዬን ይዤ ቆሜ እጠብቃታለሁ። በኋላ ብጠይቃት "ሰው የሚሳሳለትን ነገር ከወንበሩ ሳይነሣ ሊያየው ከሚችልበት ቦታ አያርቀውም። እኔም ያየው የነበረውን አያለሁ" አለችኝ። በዚህ መንገድ የሰዓት ሳጥን ውስጥ የተሸጎጠ የወርቅ ሜዳሊያ ስታወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለሠራተኞቿ የምትሰጠን ሽርጥ ኪሱ በክር ተሰፍቶ የተዘጋ ነበር። መጀመሪያ ቀን ተናድጄ "ሌባ እመስላለሁ?" አልኳት። የራሷን ሽርጥ ገልጣ አሳየችኝ፤ የሷም ኪስ ተሰፍቷል። ምሳዋን፣ ሁልጊዜ ሁለት የተቀቀለ ዕንቁላል ነው፣ በረንዳ ላይ ቆማ ትበላለች። በሟች ብርጭቆ ውሃ እንኳ አትጠጣም። ማንም እንዳይጠረጥራት አስቀድማ ራሷን ትጠረጥር ነበር።

ዕቃ ማየት ያስተማረችኝ ከመሳቢያ ጀምራ ነው። መሳቢያውን ስባ ታወጣና ትገለብጠዋለች፤ ፊቱን አታይም። "ፊቱ ለእንግዳ የተሠራ ነው" ትላለች። ሳንቃዎቹ ማዕዘኑ ላይ የሚጋጠሙባቸው ጥርሶች ሁሉም እኩል ከሆኑ የማሽን ሥራ ነው፣ አንዱ ከአንዱ ትንሽ ከተዛነፈ የእጅ ነው። በጫማ ክር የታሰረች ማግኔት አንገቷ ላይ አታጣም፤ ናስ ነው የተባለውን ሁሉ በማግኔቷ ትነካዋለች፣ ከሳበችው ውስጡ ብረት ነው። አሮጌ ዕቃ የሚያልቀው እጅ በሚነካው ቦታ ብቻ ነው፤ ሁሉም ቦታው እኩል ያረጀ ከሆነ ሆን ተብሎ ያረጀ ነው። አንድ ጊዜ ከድሮ መርከብ ላይ የወረደ ነው የተባለ ፋኖስ መጣ። ከደብዳቤ ጋር ነው፣ ካፒቴኑ ማን እንደነበረ ሳይቀር ተጽፏል። ደብዳቤውን ሳታነብ አጠፈችና ፋኖሱን ገለበጠች። ብሎኖቹ ትናንት ከሱቅ የተገዙ ነበሩ። "ደብዳቤ ያለው ዕቃ ሲመጣ ከደብዳቤው ራቂ" አለችኝ።

የገዢዎቹን ተንኮል ግን በራሴ ዓይን ነው የተማርኩት። የርካሹን ዋጋ ወረቀት ልጦ ውዱ ላይ የሚለጥፍ አለ። የብር ማንኪያ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨምሮ ማንቆርቆሪያውን ብቻ የሚከፍል አለ። ሁለት ሆነው መጥተው አንዱ ሲጨቃጨቀኝ ሌላው ዕቃ ያወጣል። ከሁሉም ያቃጠለችኝ ግን አንዲት ሴት ነበረች። ቫዮሊን አቅፋ "የአያቴ ነው፣ በልጅነቴ ከቤታችን ተሰርቆ ነው" እያለች አለቀሰች። አንጀቴን በላችውና በነጻ በሚባል ዋጋ ለቀቅኩላት። በሳምንቱ ቫዮሊኑን አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ከዚያ ቀን በኋላ "የአያቴ ነው" የሚል ሰው ስሰማ እጄ ራሱ ወደ ዕቃው ይሄዳል።

ይህ በሆነ በሁለት ወሩ የዶሪስ ዳሌ ተሰበረ። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ቤቷ ተኛች፤ አንድ ቤት ደግሞ አስቀድማ ተስማምታበት ነበር። "የቤቱን ዕቃ አንቺ አውጪው" አለችኝ። ለብቻዬ የያዝኩት የመጀመሪያው ቤት ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ቤቱ ሬኒየር ቢች ከሚባለው ሰፈር ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ሟቿ እዚያው ተወልዳ እዚያው ያረጀች ሴት ስትሆን ወራሿ ከሌላ ስቴት የመጣ የእህቷ ልጅ ነበር። ቶሎ መሄድ ስለፈለገ ስለ ምንም ነገር ብጠይቀው መልሱ "ሽጪው" ብቻ ነው።

ምድር ቤቱን ሳጸዳ ከማሞቂያው ጀርባ፣ በተጠቀለለ ምንጣፍ ሥር አንድ ረጅም የእንጨት ሳጥን አገኘሁ። ክዳኑ በወፍራም አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ጓጉንቸሩ ዝጎ ከማንጠልጠያው ጋር ተጣብቋል። ወራሹን ጠርቼ "ይህ ምንድን ነው?" አልኩት።

"አክስቴ ከሆነ ቦታ የገዛችው ይሆናል። ሽጪው።"

ጓጉንቸሩን ለብቻዬ ሆኜ በመዶሻ ሰበርኩት። ከላይ በጃፓንኛ የተጻፈበት የፎቶ አልበም ነበር። ከሥሩ ሳጥኑ እስከ አፉ በአናጢ መሣሪያ ሞልቷል፤ መላጊያዎች፣ መጋዞች፣ ስምንት መሮዎች፣ እያንዳንዳቸው በጨርቅ ተጠቅልለው። የድሮ የጃፓን መሣሪያ ምን ያህል እንደሚፈለግ አውቃለሁ። ማጉያ መነጽሬን አውጥቼ የሠሪውን ማኅተም በየመሮው ላይ መረመርኩ፣ ብረቱን በማግኔት፣ እጀታውን በጥፍሬ ፈተንኩ። ስለ መሮዎቹ ያልጠየቅኩት ጥያቄ የለም። ስለ ሳጥኑ ግን አንድም አልጠየቅኩም። መሣሪያውን ከነሳጥኑ ለአንድ ገዢ እንዲሆን ዋጋ ለጠፍኩበት፣ አልበሙን ለብቻው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት፣ የሳጥኑን ፎቶ ማስታወቂያው ላይ አወጣሁ።

አልበሙ ዓርብ ጠዋት ተሸጠ። ገዢዋ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ሴት ነበረች፤ በካሽ ከፈለች። ከዚህ በላይ አላስታውሳትም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ መጡ። ቦርሳ አንግተዋል። ሌላውን ዕቃ ቀና ብለው ሳያዩ በቀጥታ ወደ ሳጥኑ ሄደው እጃቸውን ጫፉ ላይ አኖሩ። ዕቃውን በቀጥታ የሚያገኝ ሰው አስቀድሞ አጥንቶ የመጣ ነው ብዬ ጠጋ አልኳቸው። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፤ እኔ ግን ትልቅ ሰው ሳናግር በልቤ አንቱ እያልኩ ነው።

"ይህ ሳጥን የአባቴ ነው" አሉኝ። ስማቸው ሚስተር ሞሪታ እንደሆነም ነገሩኝ።

"የአባትዎ ከሆነ እዚህ ቤት ምን ይሠራል?"

"በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች እኛን ጃፓኖቹን ወደ እስር ካምፕ ሲወስዱን በእጃችን መሸከም ከምንችለው በላይ አልፈቀዱልንም። አባቴ አናጢ ነበር። መሣሪያውን ለጎረቤት አደራ ሰጠ። ጎረቤታችን የሟቿ እናት ነበረች።"

"ስንት መጋዝ አለው?"

"እንዴት አውቃለሁ? አራት ዓመቴ ነበር።"

ክዳኑ ከትናንት ጀምሮ ክፍት ነው። ውስጡ የአናጢ መሣሪያ መሆኑን ማንም አልፎ ሂያጅ ያየዋል። "ስትመለሱ ለምን አልወሰዳችሁትም?" አልኳቸው።

"አባቴ መጥቶ ጠይቋል። ምድር ቤቱ ውሃ ገባበት፣ ሳጥኑ በሰበሰና ጣልነው አሉት። ደግሞ አልጠየቀም።"

"ማስረጃ አለዎት?"

"የለኝም። የሳጥኑን ፎቶና የጎረቤታችንን አድራሻ ማስታወቂያው ላይ አየሁ፣ መጣሁ።"

ወራሹ በጓሮ በኩል ስልክ እያወራ ነበር። ጠርቼ ልጠይቀው እችል ነበር፤ አልጠየቅኩም። የቫዮሊኗ ሴት ነበረች ዓይኔ ላይ የቆመችው። "ዋጋው ወረቀቱ ላይ አለ" አልኳቸው።

"የአባቴን ዕቃ አልገዛም" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

ወደ በሩ ሲሄዱ ተከተልኳቸው። እጃቸው ሳጥኑ ላይ ቆይቶ ስለነበር አንድ መሮ የያዙ መሰለኝ። "ቦርሳዎን ልይ" አልኳቸው። በሰው ፊት ነው። ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጠው ከፈቱት። የታጠፈ የዝናብ ልብስ፣ አንድ ፔርሙስና የመድኃኒት ማስቀመጫ ነበር። ዚፑን መልሰው ዘጉት። ከዚያ "አመሰግናለሁ" ብለውኝ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ከነመሣሪያው ክሬግ የሚባል የሶዶ ነጋዴ ገዛው።

ሰኞ ዕለት ሪፖርት ላደርግ ዶሪስ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገር ነገርኳት። የሽማግሌውን ነገር እንዲያውም እንደ ጉብዝና ነው ያወራሁት፤ እንዳልተታለልኩ ላሳያት ፈልጌ ነው። ዶሪስ ትራስ ተደግፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

"ክዳኑ ቀለም ተቀብቷል አልሽኝ?"

"አዎ፣ አረንጓዴ።"

"የቀረውስ?"

"የቀረው አልተቀባም፤ ባዶ እንጨት ነው።"

"ክዳኑ ብቻ ለምን ተቀባ? ከቀለሙ ሥር ምን አለ?"

አላየሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ስገለብጥ የኖርኩ ሴት ይህን አልጠየቅኩም።

"አስካለ" አለችኝ። ስሜን አስተካክላ ስትጠራው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው፤ ሌላ ጊዜ "አስካ" ነበር የምትለኝ። "መጠርጠር ያስተማርኩሽ ለዕቃ ነው። አንቺ ሰውየውን ጠረጥረሽ ሳጥኑን አመንሽው።"

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይሻል የነበረው ብትቆጣኝ ነው።

ከዶሪስ ቤት በቀጥታ አውቶቡስ ይዤ ሶዶ ወረድኩ። ክሬግ መጋዘኑ በር ላይ ሳጥኑን ሁለት እንጨት ላይ አጋድሞ ቀለሙን በማስለቀቂያ መድኃኒት እያራሰ በጨርቅ ይጠርጋል። ስደርስ ክዳኑን እኩሌታ ድረስ አጽድቶት ነበር። በነጭ ቀለም፣ በብሩሽ፣ በጥንቃቄ የተጻፉ ሦስት ትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ወጥተዋል። ሞሪታ የሚለው ስም መጀመሪያ ናቸው።

"አቁም" አልኩት።

"ምነው?"

"አትንካው። መሣሪያዎቹ የት አሉ?"

መሮዎቹና መላጊያዎቹ እሑድ ዕለት ለተለያዩ ሰዎች ተሸጠዋል፤ አንዳንዱም ያን ዕለት ጠዋት በፖስታ ወደ ሌላ አገር ሄዷል። የቀሩት ሁለት መጋዞች ብቻ ናቸው። ክሬግ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንደ ሁላችንም የገዛውን ሸጧል። ሳጥኑንና መጋዞቹን መልሼ ገዛኋቸው።

ስሙ የተጻፈበትን ክዳን ብቻ መርጦ ቀለም የቀባ ሰው በዚያ ቤት ነበር። ስሙን ደብቆ ደግሞ ጓጉንቸሩን ሳይነካ፣ አንዲት መሮ ሳያወጣ ሰባ ዓመት አስቀመጠው። ዕቃውን ፈልጎት ነው እንዳልል አልተጠቀመበትም። አፍሮ ነው? ፈርቶ ነው? ለወራሹ ደውዬ ብጠይቀው "እኔ አላውቅም፤ አልቋል" ብሎ ዘጋብኝ።

ሚስተር ሞሪታን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስልካቸውን አልተቀበልኩም ነበር። የጃፓን አረጋውያን ምሳ የሚበሉበት ቤተ መቅደስ እንዳለ ሰምቼ ሄድኩ። ወጥ ቤት ያገኘኋት ሴት ስሙን ስጠራላት እጇን በፎጣ እየጠረገች አየችኝ።

"ምን ልትሸጪላቸው ነው?"

"የምሸጠው የለም። የሳቸው ዕቃ አለኝ።"

"ታዲያ እንዴት አንቺ ጋ መጣ?"

መልሱ ረጅም ነበር። ቆማ ሰማችኝና ስልኬን ጻፈች። "ከፈለጉ ይደውላሉ" አለችኝ። በአምስተኛው ቀን ኮል አደረጉ። "ሳጥኑ የት ነው ያለው?" አሉ እንጂ ሰላምታም አልነበረውም።

የሚኖሩት ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የአረጋውያን አፓርታማ ውስጥ ነው። ሜሮን መኪናዋን ፓርክ አደረገችና ሁለታችን ተሸክመን በሊፍት አወጣነው። ሚስተር ሞሪታ ሳጥኑን ሲያዩ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። አንድ ጊዜ ዞሩት። ክዳኑ ላይ የወጡትን ፊደሎች በጣታቸው ተከተሉ። የተሰበረውን ጓጉንቸር አብሬ አምጥቼው ነበር፤ አንሥተው ከመነጽራቸው ሥር ያዙት።

"ማን ሰበረው?"

"እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ቦርሳውም ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ስለ ቦርሳው የሰሙም አይመስሉም። "ከመስበርሽ በፊት ተቆልፎ ነበር?"

"ተቆልፎ ነበር። ዝጎ ተጣብቋል።"

"ሙሉ ነበር?"

"እስከ አፉ።"

"ሌላ ማን አይቷል?"

"እኔ ብቻ።"

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሜሮን ውሃ አምጥታ ሰጠቻቸው። ከዚያ ነገሩን። አባታቸው ካርታ ይጫወቱ ነበር። ከካምፕ ተመልሰው ሳጥኑ በሰበሰ ሲባል እናታቸው አላመኑም። መሣሪያዎቹን አስቀድሞ ሸጦ በቁማር አጥፍቷቸዋል፣ ለጎረቤት የተወው ባዶ ሳጥን ነው አሉ። አባትየው መሣሪያ ስላልነበራቸው ወደ አናጢነት አልተመለሱም፤ የሰው አትክልት ሲኮተኩቱ ኖሩ። እናትየው እስኪሞቱ ድረስ በዚህ አባትየውን ሲወቅሱ ልጆቹ ይሰሙ ነበር።

"አባቴ አንድ ቀን ብቻ ነው የመለሰላት። 'ሙሉ ነበር' አላት። ከዚያ ዝም አለ" አሉኝ። "እኔም አንዳንድ ቀን እሱን አምነው ነበር፣ አንዳንድ ቀን እሷን። ያን ቀን 'የአባቴ ነው' ስልሽ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ታላቅ እህቴ ግን ከእናቴ ጋር ናት። እስከ ዛሬ።"

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። እህትየው ፖርትላንድ ነው የሚኖሩት። በጃፓንኛ ጥቂት ካወሩ በኋላ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ማን ነሽ አንቺ?" አሉኝ እህትየው በእንግሊዝኛ።

"ሳጥኑን ያገኘሁት ሴት ነኝ።"

"ወንድሜ ስንት ከፈለሽ?"

"ምንም አልከፈሉኝም።"

"መሣሪያዎቹስ?"

"ሸጥኳቸው። ሁለት መጋዝ ነው የቀረው። ፎቶ አልበምም ነበረው፤ እሱንም ሸጥኩት።"

ሚስተር ሞሪታ ስለ አልበሙ የሰሙት ያኔ ነው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አልበሙን እስካሁን አላገኘሁትም። በገባሁበት ቤት ሁሉ፣ በየአሮጌ ዕቃ ሱቁ የጃፓን አልበም ካየሁ እገልጠዋለሁ።

እህትየው ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። ጓጉንቸሩ ምን ዓይነት ነበር? ቁልፍ ነበረበት? መላጊያዎቹ ስንት ነበሩ? በምን ተጠቅልለው ነበር? እኔ በር ላይ ቆሜ ሰውን እንደምጠይቀው እያቀያየሩ ጠየቁኝ፤ እኔም ያየሁትን ብቻ መለስኩ። ሰማያዊ መስመር ያለበት ነጭ ጨርቅ ነው ስላቸው "ሰማያዊ መስመር?" ብለው ደገሙት።

"ተቆልፎ ነበር?" አሉ በመጨረሻ።

"ተቆልፎ ነበር።"

"ካላየሁ አላምንም" አሉ። "ነገ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ።" ስልኩ ተዘጋ።

ሚስተር ሞሪታ ከወንበራቸው ተነሥተው መሳቢያ ውስጥ ጨርቅ ፈለጉ። ለእህታቸው ስሙ እንዲታይ የቀረውን አረንጓዴ ቀለም ሊያስለቅቁ ነው።

እጃቸውን ያዝኳቸው። "ይተዉት" አልኳቸው። "አንድ ጣት እንኳ አይንኩት። እህትዎ ራሳቸው ፍቀው ያንብቡት።"